ቧንቧ አጥር አያውቅም



ወደዚህ የአዳማ አዳራሽ ስመጣ መንገድ ዳር ከቆሙት ከባድ መኪናዎች አጠገብ ጥቂት ዘገየሁ። አንድ ሾፌር ፊቱን ይታጠባል። በተሳቢው ሥር፣ ከሻሲው ጎን፣ ቢጫ ጀሪካን በብረት ማሰሪያ ጥርቅም ተደርጎ ታስሯል፤ ከታችኛው ጥጉ ላይ ትንሽ ቧንቧ ተገጥሞለታል። ረዳቱ በመኪናው ጥላ ሥር ጀበና ጥዷል፤ ውሃውን የቀዳው ከዚያችው ቧንቧ ነው። ሾፌሩን «ማን ሠራልህ?» አልኩት። «ማን ይሠራልኛል ጋሼ! ራሴ ነኝ» አለኝ። ጀሪካኑን በጋለ ብረት እንደበሳው፣ እንዳያንጠባጥብ ከአሮጌ ከመነዳሪ ቀለበት ቆርጦ እንዳስገባበት፣ መጀመሪያ በደረቅ ቧንቧ ሞክሮ የመንገዱ መንቀጥቀጥ አንገቱ ላይ እንደሰበረበት፣ ከዚያ በጎማ እንደቀየረው አንድ በአንድ አስረዳኝ። ሰውየው መሐንዲስ አይደለም፤ የነገረኝ ግን ምሕንድስና ነው።

በአሜሪካና በአውሮፓም የዚህ ሾፌር ዓይነት ብልሃት አለ፤ ሰዎች አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ ያለው ቤት መኪና ላይ ጭነው አገር ይዞራሉ። ብዙዎቹ ባለቤቶች የውሃ መስመሩን ራሳቸው ይቆርጣሉ፣ ራሳቸው ይቀጥላሉ። ያ መኪና ውሃ የሚያገኝበት ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው በሆዱ የተሸከመው ታንከር ነው፤ በመኪናው ባትሪ የምትሠራ ትንሽ ፓምፕ ትገፋዋለች። ሁለተኛው ካረፈበት ቦታ ካለ ቧንቧ በጎማ የሚቀጠለው ነው። በሁለቱም መስመሮች ላይ ከአውራ ጣት ብዙ የማትበልጥ ዕቃ ትቀመጣለች፤ ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ፣ ባለሙያዎቻችን ቼክ ቫልቭ የሚሏት ናት። በፓምፑ በኩል ያለችው ከተበላሸች የውጭው ውሃ በፓምፑ ተመልሶ ታንከሩን ሞልቶ ያፈስሰዋል፤ በመግቢያው በኩል ያለችው ከተበላሸች ደግሞ ፓምፑ የታንከሩን ውሃ በመግቢያው ወደ ውጭ ይተፋዋል።

አሁን ግቢያችንን ተመልከቱ። ጣሪያ ላይ ሮቶ አለ፤ ጥግ ላይ ፓምፕ አለ፤ ከቆጣሪው የሚመጣ የከተማ መስመር አለ። ከሾፌሩ ጀሪካንና ከዚያ የመኪና ቤት የሚለየው መጠኑ ብቻ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እያንዳንዱ አባወራና እማወራ ሳይሾም የውሃ ክፍል ሹም ሆኗል። በዚህ አላፍርም፤ እንዲያውም ይህ እጅ ሥራ የሚከበር ነው። ዛሬ የመጣሁት «ለባለሙያ ተዉት» ልላችሁ አይደለም። አንድ ነገር ላስታውሳችሁ ነው፦ በራሳችን ግቢ፣ በራሳችን ገንዘብ፣ በራሳችን እጅ የምንቀጥለው ቧንቧ በአጥራችን አያበቃም። ሌላኛው ጫፉ ጎረቤታችን ኩባያ ውስጥ ነው።

ከቀላሉ፣ ከከፍታ ልጀምር።

በአጼ ምኒልክ ዘመን፣ በእኛ አቆጣጠር በ1880ዎቹ፣ ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ምንጭ ወደ ቤተ መንግሥት ውሃ በቧንቧ አወረደ። ውሃው ቁልቁል ወርዶ፣ ሸለቆውን አቋርጦ፣ የግቢውን አቀበት ሽቅብ ሲወጣ ያየ ሰው ጉድ አለ። ምሥጢሩ ግን አንድ ነው፤ በቧንቧ የተዘጋ ውሃ ከመነሻው ከፍታ በታች እስካለ ድረስ ሽቅብም ቢሆን ይወጣል። የሮቶም ሕግ ይኸው ነው። አሥር ሜትር ከፍታ አንድ ባር ግፊት ይሰጣል። ሮቶው ከመታጠቢያው አራት ሜትር ብቻ ከፍ ካለ ግፊቱ ግማሽ ባር እንኳ አይሞላም። «ሻወሩ ደካማ ነው» ብሎ ወደ ፓምፕ ገበያ ከመሮጥ በፊት ቧንቧውን መመርመር ነው። በተመሳሳይ ግፊት ውስጡ ግማሽ ኢንች የሆነውን ቧንቧ በአንድ ኢንች ብትለውጡት የሚያሳልፈው ውሃ ከአምስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ከሮቶው የሚወርደውን ዋናውን መስመር ማስፋት፣ የማያስፈልጉ ኤልቦዎችን መቀነስ፣ ብዙ ጊዜ ያለ ኤሌክትሪክ ሻወሩን ያድነዋል።

ከፍታ ግን ዕዳም አለው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ሁለት ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሲሞላ ሁለት ቶን ይሆናል። ልብስ ማስጫ ለመሸከም የተሠራ ብረት ላይ ሁለት ቶን ሰቅለን ከሥሩ ልጆች ሲጫወቱ እናያለን። ሮቶው ባዶ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የአዳማን ነፋስ አታጡትም፤ ከተማችን አጠገብ ኮረብታው ላይ አንዱ 51፣ ሌላው 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች የተተከሉት በከንቱ አይደለም። ያ ነፋስ ባዶ ፕላስቲክ ታንከር ሲያገኝ አይምርም። ሮቶ ሲሞላ የሚችለው መቆሚያ፣ ሲጎድል የሚይዘው ማሰሪያ ያስፈልገዋል።

ጉድጓድ ለቆፈራችሁ ደግሞ አንድ ቃል። ፓምፕ ውሃ «ይስባል» እንላለን እንጂ በእርግጥ ውሃውን የሚገፋው አየሩ ነው። በባሕር ወለል ላይ አየሩ ውሃን ቢበዛ አሥር ሜትር ያህል ያወጣል። አዳማ ግን ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ በስሌት ስምንት ሜትር ተኩል ገደማ፣ በተግባር ስድስት ወይም ሰባት ሜትር ቢደርስ ነው። ከዚያ የጠለቀ ጉድጓድ ካላችሁ መሬት ላይ የሚቀመጥ ተራ መሳቢያ ፓምፕ እየጮኸ ያድራል እንጂ ውሃ አያመጣም። ጥፋቱ የፓምፑ አይደለም፤ ውሃው ውስጥ ገብቶ ከታች የሚገፋ ፓምፕ ነው የሚያስፈልገው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ አቅጣጫ ልምጣ። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ካልተናገርኩ ሌላውን ለመምከር አፍ የለኝም።

ወጣት ሳለሁ ውሃ በሳምንት ጥቂት ቀን፣ ያውም እንደ ክር ቀጥና በምትመጣበት ሰፈር ተከራየሁ። አንድ ቅዳሜ ፓምፕ ገዛሁና በቀጥታ ከቆጣሪው ቀጥዬ ገጠምኩት። ማብሪያውን ስጫን ሮቶው ላይ ውሃው ዶፍ ሆኖ ወረደ። በራሴ ኮራሁ። በሦስተኛው ቀን የቀዳሁት ውሃ አረፋ ነበረው። ቡና አፈላሁ፤ ቡናው የሳሙና ሽታ ሸተተኝ። ግራ ገብቶኝ ወደ ጎረቤቴ ወደ እማማ ስሄድ እሳቸው ልብስ እያጠቡ ነበር። የቧንቧቸው ጎማ የሳሙና ውሃ በሞላበት ሳፋ ውስጥ ተነክሯል። «አንተ ልጅ፣» አሉኝ፣ «ይህ ቧንቧ ምን ነካው? ውሃ እንደ መስጠት ከሳፋዬ ይጠጣል!»

የሆነው ይህ ነበር። ቀጭኑ መስመር የኔን ፓምፕ የሚያጠግብ ውሃ አልነበረውም። ፓምፑም ያጣውን ፍለጋ ወደ ኋላ ሳበ፤ ቅርቡ የእማማ ሳፋ ሆነ። እሳቸውን ውሃ ነሣኋቸው፣ እኔም የልብሳቸውን እጣቢ ጠጣሁ። ሳፋ ባይኖር ኖሮስ? በመሬት ውስጥ ያረጀው ቧንቧ በተቀደደበት ቦታ ሁሉ፣ ምናልባትም የፍሳሽ ጉድጓድ አጠገብ፣ የሚያገኘውን ይስብ ነበር። ልብ በሉ፤ ያንን ለማድረግ ፓምፕም የግድ አይደለም። ፈረቃው አልቆ መስመሩ ሲጎድል፣ ቆላው ሰፈር ያለው ሰው ቧንቧውን ሲከፍት፣ ደጋው ሰፈር ያለው መስመር ወደ ውስጥ ይተነፍሳል። ቧንቧ ስትከፍቱ መጀመሪያ አየር «ሽሽሽ» ብሎ የሚሄደው ወደየት እንደሆነ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ወደ ውስጥ ከሆነ ተጠንቀቁ።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1933 በቺካጎ ትልቅ ዓለም አቀፍ ዐውደ ርዕይ ነበር። በእንግዶች በተጨናነቁ ሆቴሎች ውስጥ የንጹሕ ውሃና የፍሳሽ መስመር በተሳሳተ ቅጥያ ተገናኘ። በአሜባ ተቅማጥ ከ1,400 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ 98 ሞቱ። ሆቴሎቹ ትልልቅ ነበሩ፤ ቅጥያው ግን ከእኔ ቅዳሜ ሥራ የተሻለ አልነበረም።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ከቆጣሪው በኋላ አንድ ቼክ ቫልቭ ግጠሙ፤ ላዩ ላይ የታተመው ቀስት ወደ ቤታችሁ ይጠቁም። ፓምፕ ከመስመሩ በቀጥታ አይሳብ። መስመሩ በራሱ ጉልበት መሬት ላይ ያለ ታንከር ይሙላ፤ ፓምፑ ከዚያ ታንከር ወደ ጣሪያው ይግፋ። በዚህ አሠራር ከጎረቤት የሚወሰድ ነገር የለም፤ የምትገፉት የራሳችሁን ድርሻ ነው። ወደ ታንከር የሚገባው ቧንቧ አፍ ከውሃው ወለል ከፍ ብሎ በአየር ላይ ይፍሰስ እንጂ አይነከር። ጎማ በሳፋ፣ በባልዲ፣ በመኪና ማጠቢያ በርሜል ውስጥ ተነክሮ አይደር። የግል ጉድጓድ ያላችሁ ደግሞ የጉድጓዱንና የከተማውን መስመር በአንድ ቫልቭ ለያይታችሁ «ይህን ስዘጋ ያን እከፍታለሁ» አትበሉ። ቫልቭ ያረጃል፣ ልጅም ይነካዋል፣ ሰውም ይረሳል። ሁለቱ ውሃ ቢገናኙ እንኳ ታንከር ላይ፣ በአየር በኩል፣ ሁለት የተለያዩ አፎች ሆነው ይገናኙ።

ጉድጓድን ካነሣሁ ዘንዳ የዚህን ሸለቆ የቆየ ሐዘን ሳላነሣ ባልፍ በደል ይሆንብኛል።

ከዚህ ብዙም ሳንርቅ ወንጂ አለች። ስኳር ፋብሪካዋን የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ ተክሎ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ጀመረ። አገዳ ሊቆርጥ፣ ማሽን ሊያንቀሳቅስ ከየአገሩ የመጣው ሠራተኛ የጉድጓድ ውሃ ጠጣ። ውሃው ጥርት ያለ ነበር፤ አይሸትም፣ አይጎረብጥም። ከዓመታት በኋላ ግን የልጆቹ ጥርስ ቡናማ ሆነ፣ የአንዳንድ አባቶች አከርካሪ ደረቀ፣ ጎንበስ ብለው ቀና ማለት አቃታቸው። ፍሎራይድ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 በስምጥ ሸለቆው ስላለው የፍሎራይድ ሕመም ያሳተሙት ጥናት ነገሩ የወንጂ ብቻ እንዳልሆነ፣ የሸለቆው ሁሉ እንደሆነ አሳየ።

ምክንያቱ ከሥራችን ያለው መሬት ነው። ይህ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ አመድና ድንጋይ ነው፤ የከርሰ ምድሩ ውሃ በዚያ ውስጥ ረጅም ዘመን ሲንፏቀቅ ፍሎራይድ ያሟሟል። ውሃው ካልሲየም ቢበዛበት ፍሎራይዱን አስሮ ያስቀረው ነበር፤ የእኛ ውሃ ግን ብዙ ጊዜ ካልሲየም ያንሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ የሚያስቀምጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በሸለቆው ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ይህን ያልፋሉ። አዳማ የአዋሽን ውሃ አጣርታ መጠጣቷ ትልቅ ዕድል ነው። ስለዚህ የግል ጉድጓድ ውሃን ከከተማው መስመር ጋር የሚያገናኝ ሰው ቆሻሻ ብቻ አይደለም የሚያስገባው፤ የማይታይ የዕድሜ ልክ ሸክምም ጭምር ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋም፤ ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ስለሚቀር እንዲያውም ይበዛል። ክሎሪን ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አይነካም። የአሸዋና የጨርቅ ማጣሪያም ድፍርስ ያጠራል እንጂ የሟሟ ነገር አይይዝም። ፍሎራይድን የሚይዙት እንደ ተቃጠለ አጥንት ከሰል ያሉ ልዩ ማጣሪያዎች ናቸው፤ እነሱም ዘመናቸው ሲያልቅ ይጠግባሉ፤ ካልተለወጡ ከጌጥ አይሻሉም። ከመቆፈር በፊትም ሆነ በኋላ ውሃውን በላቦራቶሪ ማስመርመር ከፓምፑ ዋጋ ጋር አንድ ላይ መታሰብ አለበት። ልጆች ላሉበት ቤት ይህ ግዴታ ነው፤ የጥርስ ጉዳቱ የሚጠነሰሰው ጥርሱ ገና በድድ ውስጥ ሲሠራ፣ በመጀመሪያዎቹ ስምንት ዓመታት ነውና።

ፍሎራይድ የሌለበት ውሃ ግን በየክረምቱ በነጻ ይመጣልናል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ አንድ ሊትር ነው። አዳማ በዓመት 800 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች እንበል፤ 50 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ቤት፣ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ፣ 32 ሺህ ሊትር ይሰበስባል። አምስት ሰዎች ለመጠጥና ለወጥ በቀን 25 ሊትር ቢጠቀሙ በዓመት ከ9 ሺህ ሊትር ብዙም አያልፍም። ስለዚህ አሸንዳውን ጠግኑ። አቧራና የወፍ ኩስ ያጠበው የመጀመሪያው ዝናብ ግን ወደ ታንከር አይግባ፤ ለ50 ካሬ ሜትር ጣሪያ የመጀመሪያው 50 ሊትር ወደ ጎን የሚፈስበት ቅርንጫፍ ቀጥሉለት። የቀረውን በክሎሪን አክሙና ጠጡ። ለምሳሌ ልብሱን በጉድጓድ ውሃ፣ ሆዳችሁን በዝናብ ውሃ ማስተዳደር ትችላላችሁ። ሁለት መስመር፣ ሁለት ቀለም፣ መገናኛ የሌለው።

ታንከርን ካነሣን ክዳኑንም እናንሣ። እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን የታየችው አኖፊለስ ስቴፌንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ ረግረግ አትፈልግም፤ የከተማ ልጅ ናት፣ በውሃ ማጠራቀሚያ ትራባለች። በስምጥ ሸለቆው ከተሞችም ተገኝታለች። ክዳኑ ግጥም ይበል፤ የትርፍ ውሃ መውጫው አፍ ደግሞ በደቃቅ ወንፊት ይሸፈን። ሮቶውን ስታጥቡ ደለሉን ካወጣችሁ በኋላ ሞልታችሁ በሺህ ሊትር አንድ ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና ጨምሩበት፤ ቧንቧዎቹን ሁሉ ሽታው እስኪመጣ ክፈቱና ዝጉ፤ ሲያድር አፍስሱት፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት።

ስለ እጅ ሥራው ጥቂት ልበልና ላብቃ። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው ፒፒአር የሚባለውን የፕላስቲክ ቧንቧ ነው፤ በ260 ዲግሪ በጋለ ብየዳ ይጣበቃል። ባለ 20 ሚሊ ሜትሩ 5 ሰከንድ፣ ባለ 25ቱ 7፣ ባለ 32ቱ 8 ሰከንድ ይሞቃል። ከዚያ ካነሰ ይላላል፤ ከዚያ ከበዛ የቀለጠው ወደ ውስጥ ገብቶ ጉሮሮውን ያንቀዋል፣ እናንተም ነገ «ግፊት የለም» ትላላችሁ። ሲገጠም ቀጥ አድርጎ መግፋት እንጂ ማጠማዘዝ የለም። ፒፒአር ከፀሐይ ጋር አይዋደድም፤ በቆርቆሮ ላይ ተጋልጦ ከተዘረጋ ዓመታት ሲያልፉ ይሰባበራል፤ ይሸፈን፣ ይቀበር ወይም ቀለም ይቀባ። በፓምፑ ግራና ቀኝ ዩኒየን ግጠሙ፤ ሲበላሽ መጋዝ ሳታነሡ እንድታወጡት። ፓምፑ የሚንቀጠቀጥበትን ቦታ፣ ሾፌሩ እንደነገረኝ፣ በተጣጣፊ ጎማ አገናኙ። ከሁሉ በፊት ግን፣ ከመቁረጥ በፊት፣ መዝጊያው የት እንዳለና በእርግጥ እንደሚዘጋ እወቁ። ዕሑድ ከሰዓት፣ ሱቁ በተዘጋበት፣ የተቆረጠ ቧንቧ በአውራ ጣት ይዞ የቆመ ሰው ካያችሁ ይህን ምክር ያልሰማ ነው።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። በሰከንድ አንድ ጠብታ የምታፈስ ቧንቧ በቀን ከ4 ሊትር በላይ፣ በወር ከስድስት ጀሪካን በላይ ትወስዳለች። ስለዚህ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ሁለት ነገር አድርጉልኝ። መጀመሪያ የሮቶውን መግቢያ ጨምራችሁ ቧንቧውን ሁሉ ዝጉና የቆጣሪውን ትንሿን መዘውር ተመልከቱ፤ ከዞረች ውሃ እየፈሰሰ ነው፣ የቱ ጋ እንደሆነ ፈልጉት። ቀጥሎ ከቆጣሪው በኋላ ቀስቱ ወደ ቤታችሁ የሚጠቁም ቼክ ቫልቭ እንዳለ እዩ። ከሌለ ነገ ግጠሙት።

እኔ የኔን የገጠምኩት ያን የሳሙና ቡና የጠጣሁ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነበር። ፓምፑንም ከመስመሩ ነቅዬ መሬት ላይ ካስቀመጥኩት ታንከር ጋር አገናኘሁት። ማታ እማማ ጋ ሄጄ «አሁንስ ከሳፋው ይጠጣል?» አልኳቸው። ቧንቧቸውን ከፈቱ፤ ቀጭን ናት፣ ግን ወደ ውጭ ትፈሳለች። ጀበናውን ከዚያችው ሞሉና «ና ግባ፣ ሳሙና የሌለበት ቡና ጠጣ» አሉኝ።